በፕላስቲክ የታሸገ የ1918 ሶቨሪን፦ ለጀማሪ ሰብሳቢ ያዋጣል?

የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ1918 ቦምቤይ ላይ የተመታ፣ ሶቨሪን የሚባለው የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ነው። ኤንጂሲ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት መርምሮ፣ ኤምኤስ 63 የሚል ደረጃ (ኤምኤስ ማለት በእጅ ዝውውር ያላረጀ ነው) ሰጥቶ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽጎታል። ለንደን ያለችው እህቴ ከሳንቲም ነጋዴ ገዝታ አመጣችልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ቤት አላገኘሁም። መጋላ ያሉት ወርቅ ቤቶች ሶቨሪን ስታሳያቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ስንት ግራም? መልሱ 7.98 ግራም፣ 22 ካራት። ውስጡ መዳብ ስላለበት የእኛን የ21 ካራት ሀብል ለለመደ ዓይን ቀላ ይላል።

እኔ ግን ከግራሙ ዋጋ በላይ ነው የከፈልኩት። ጭማሪው ለምን እንደሆነ ሳያውቁ የታሸገ ሳንቲም መግዛት ለፕላስቲክ መክፈል ነው።

ብዙ ሰው ሳንቲምን የሚያስወድደው ዕድሜው ይመስለዋል። የ1911 እና የ1912 የለንደን ሶቨሪኖች ከመቶ ዓመት በላይ አልፏቸዋል፤ ያኔ በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች ስለተመቱ ግን ዛሬም ሞልተዋል፣ ዋጋቸውም ከወርቁ ብዙ አይርቅም። የኔን የሚለየው ጀርባው ላይ ካለው ፈረሰኛ ፈረስ በታች፣ መሬቱ ላይ፣ ከዓመቱ ቁጥር ከፍ ብላ የተቀመጠች "አይ" የምትል ደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ናት። ያለ ማጉያ መነጽር በቀላሉ አትታይም። ሕንድ ውስጥ ተመታ ማለት ነው። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ ላይ ቅርንጫፍ ከፍተው ሶቨሪን የመቱት በ1918 ብቻ ነው። የተመታው ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ስለሆነ ብርቅ አይባልም፤ የቦምቤይ ሶቨሪን የሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ ዓመት ሌላ ምርጫ የለውም። ለጀማሪ የምመክረው እንዲህ ያለውን ነው፦ ከተራው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ዋጋው ግን አሁንም በአብዛኛው ወርቁ ላይ የቆመ።

ደፈር ብሎ ወደ ውዶቹ መሄድ የሚፈልግ ሁለት ዓመቶችን ይጠንቀቅ። የ1917 የለንደኑ ከሚሊዮን በላይ ተመትቶ ነበር፤ የተረፈው ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አስመስለው የሚሠሩት ሰዎች ይወዱታል። ያለ ማሸጊያ ከቀረበልህ አትንካው። የ1925ቱ ታሪክ ደግሞ ያስቃል። በጣም ይፈለግ የነበረ ዓመት ነው፤ በኋላ፣ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ከሞቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1949፣ በ1951 እና በ1952 ያንኑ መልክና ያንኑ "1925" የያዘ ሶቨሪን እንደገና ተመታ፤ ዋጋውም ወረደ። ማርያ ቴሬዛን የሚያውቅ የሐረር ሰው በዚህ አይገረምም፤ ያቺ ብር የትም፣ መቼም ብትመታ 1780 ነው የምትለው።

ወደ ደረጃው ልምጣ። ልኩ ከ1 እስከ 70 ነው፤ ከ60 ጀምሮ ያለው በእጅ ዝውውር ያላረጀ ማለት ነው። 63 ሲባል ግን እንከን የለሽ እንዳይመስላችሁ። የሳንቲሙ ፊት ላይ ባለው ንጉሥ ጉንጭ ላይ ጭረቶች አሉ፤ ወርቅ ለስላሳ ነው፣ ሳንቲሞቹም በከረጢት ታጭቀው ሲጓዙ እርስ በርስ ተጋጭተዋል። በዚህ ገንዘብ 65 ያገኘ ተራ ዓመት መውሰድ እችል ነበር፣ አልወሰድኩም። በ64 እና በ65 መካከል ያለው ልዩነት የመርማሪ ዓይን ነው፤ ዛሬ 64 ያለው ሰው ነገ 65 ሊል ይችላል። ፊደሏን ግን ማንም አይቀይራትም።

ማሸጊያው ከቁጥሩ ይልቅ የጠቀመኝ በሌላ በኩል ነው፦ ያልታጠበ፣ ያልተበየደ መሆኑን ይነግረኛል። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ሐረር ጁገል ገብቶ አሮጌ ብር የሚሸጡትን ቤቶች ያየ ሰው ነው። የማዘወትረው ቤት ባለቤት ደግ ናቸው፤ ሚዛን ያቀርባሉ፣ ቡናም አይጠፋም። ግን የምኒልክ ብሮቻቸው በሙሉ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራሉ።

"አዴ፣ ማን ፈተጋቸው?"

"ካላበራ ማን ይገዛል አቦ!"

ለጌጥ ገዢ ልክ ናቸው። ለሰብሳቢ ግን የተፈተገ ሳንቲም ቁጥር አያገኝም፤ ኤንጂሲም ሆነ ሌላው ደረጃ ሰጪ ድርጅት ፒሲጂኤስ "ጉዳት አለበት" ብለው ነው የሚያሽጉት። ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበት የተነቀለም ዕጣው ይኸው ነው፤ እዚህ አካባቢ ደግሞ ጥሩ ሳንቲም ሁሉ አንገት ላይ ውሏል። ታዲያ እዚያ ስትገዙ ቢያንስ ዓመቱን አንብቡ፤ በግዕዝ ቁጥር ስለሆነ ከፈረንጅ ሰብሳቢ እኛ እንቀድማለን። የምኒልክ ብር ላይ ፲፰፻፹፯ ከ፲፰፻፹፱ በጣም ያነሰ ነው፤ ፊቱ ሲያልቅ ፯ እና ፱ ስለሚመሳሰሉ ማጉያ ያዙ። ገዝቼ ውጭ ልኬ ላሳሽገው የሚል ካለ፣ ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

ጉድለቱስ? አንደኛ፣ የታሸገውን መመዘን አይቻልም፤ እምነታችሁ በሙሉ ማሸጊያው ላይ ነው፣ ማሸጊያውም ራሱ በሐሰት ይሠራል። የማረጋገጫ ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ ፎቶው ላይ ያሉትን ጭረቶች ከእጄ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፤ ጉንጩ ላይ ያለው ረጅሙ ጭረት ገጠመ። ቁጥሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ቁጥር ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ ድሬ ውስጥ መልሶ መሸጥ የለም። አንዱ ወርቅ ቤት "ፕላስቲኩን ስበረውና አምጣው፣ እመዝንልሃለሁ" አለኝ። ገንዘብ ቶሎ የሚያስፈልገው ሰው ሀብል ይግዛ።

እናቴ ፈረሰኛውን አይታ "ጊዮርጊስ ነው" ብላ ልትሳለመው ነበር። ቀረብ አድርጋ ስታየው ልብስ የለውም፤ በጦር ፈንታም ሰይፍ ይዟል። መለሰችልኝ።

ቀጥሎ የምፈልገው "ሩብ ወርቅ" የሚባለውን የምኒልክን የ1889 (በእኛ አቆጣጠር) የወርቅ ሳንቲም ነው፤ 1.75 ግራም ብቻ ናት። ታሽጋ፣ ቀለበት ያልተበየደባት ከተገኘች፣ ደረጃዋ 55 ቢሆንም እወስዳታለሁ።