መሪያም ዌብስተር በአንድ ቃል ሲመዘን

መዝገበ ቃላትን ለመፈተን ብርቅ ቃል መፈለግ አያስፈልግም፤ አውቀዋለሁ የምንለውን ቃል አውጥቶ ማየት ይበቃል። እኔ የአሜሪካውን አሳታሚ ቤት የመሪያም ዌብስተርን ነፃ የእንግሊዝኛ የድረ ገጽ መዝገበ ቃላት የመዘንኩት «ፕሬዘንት» (present) በሚለው ቃል ነው። የመረጥኩትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ጥናታቸውን «ፕሬዘንት አደረግን» ሲሉ ስለምሰማ፣ «ፕሪዜንት» መባል ያለበትን ግስም በስሙ ድምፅ ስለሚጠሩት ነው።

መዝገበ ቃላቱ ቃሉን በአራት መግቢያ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ስጦታ የሚል ፍቺ ያለው ስም አንድ፣ ግሱ ሁለት፣ «በቦታው የተገኘ» ወይም «የአሁን» የሚለው ቅጽል ሦስት፣ ያለንበትን ጊዜ የሚያመለክተው ስም ደግሞ አራት። ሰፊው ግሱ ነው፤ ሰውን ከሰው ማስተዋወቅ፣ ለሕዝብ ማሳየት፣ ስጦታ ማበርከት፣ ክስ መመሥረት፣ መሣሪያን ወደ አንድ አቅጣጫ ማነጣጠር ሁሉ በእሱ ሥር ይገኛሉ። ለሕክምና ተማሪ የሚጠቅመው ፍቺም አልተዘነጋም፤ ሕመምተኛ በትኩሳት «ፕሪዜንት» አደረገ ከተባለ ትኩሳት ይዞት ለምርመራ ቀረበ ማለት ነው። የቃሉ ሥር «ፊት መሆን» ወደሚል የላቲን ግስ እንደሚመለስ ሲነበብ የተበታተነው ፍቺ ይሰበሰባል። እኛም «አቀረበ» በሚለው አንድ ግሳችን ጥናት፣ ክስና ስጦታ እናቀርባለንና፣ ቃሉን በትርጉም ለሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ሥር ከረጅም ዝርዝር ይልቅ ይረዳዋል።

ከሁሉ በላይ ያደነቅኩት ግን በቃሉ መካከል የምትገባዋን ነጥብ ነው። ቃሉ ስም ወይም ቅጽል ሲሆን ነጥቧ ከኤስ ፊደል በኋላ ትውላለች (pres·ent)፤ ግስ ሲሆን ከኤስ በፊት ትቀድማለች (pre·sent)። ፊደሎቹ አንድም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ድምፅ የሚጠነክርበት ቦታ ነው። ጥንካሬው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ሲያርፍ አጭሩ አናባቢ ኤስን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ወደ ሁለተኛው ሲዞር ደግሞ የመጀመሪያው አናባቢ ይለሰልስና ኤስ ለተከታዩ ክፍል ይሰጣል። አጠገቡ በተጻፈው የአነባበብ ምልክት ላይ አንዲት ትንሽ ቀጥ ያለች መስመር ከጠንካራው ክፍል ፊት ቆማ ይህንኑ ታሳያለች። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰን ነገር፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን እንደሚያመለክት ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በግእዝ ንባብ ቤት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ዓይነቶች የተማረ ሰውማ ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ ነጥቧን የክፍለ ቃል ድንበር አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። ነጥቧ የምትናገረው ቃሉ በመስመር መጨረሻ ሲቆረጥ ጭረት የት እንደሚገባ ነው። «አባውት» (about) የሚለው ቃል በሁለት ክፍለ ቃል የሚነገር ሆኖ ሳለ ያለ ነጥብ የሚጻፈው፣ አንድ ፊደል ብቻውን በመስመር ጫፍ ላይ እንዲቀር ስለማይፈለግ ነው። ክፍለ ቃልን የሚቆጥር ሰው መመልከት ያለበት የአነባበቡን ምልክት ነው። እያንዳንዱ ፊደሉ አናባቢውን ይዞ ለሚጻፍለት ለእኛ አንባቢ ይህ ልዩነት በቀላሉ የሚታይ አይደለምና፣ አስተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን ቢያስረዱት እመርጣለሁ።

ሌላው ጥንቃቄ የፍቺዎቹ ቅደም ተከተል ነው። በዚህ መዝገበ ቃላት ፍቺዎች የሚደረደሩት በታሪክ ቀዳሚነታቸው ነውና ቀድሞ የተጻፈው ዛሬ ብዙ የሚነገረው ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ፍቺ አንብቦ ገጹን የሚዘጋ ተማሪ ስለዚህ ይጎዳል። የሚሰማው ድምፅም የአሜሪካ አነጋገር ስለሆነ የብሪታንያውን ለሚሻ ሰው አይበቃም።

ለጀማሪ ይህንኑ ቤት ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች በ2008 ያሳተመውን መዝገበ ቃላት አስቀድማለሁ፤ ፍቺው በቀላል ቋንቋ ተጽፏል፣ ከ160,000 በላይ የአጠቃቀም ምሳሌዎችም አሉት። ለተርጓሚ፣ ለአስተማሪና ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ግን ትልቁን፣ ነጥቦቹንና የቃላቱን ሥር የያዘውን፣ ያለ ማመንታት እመክራለሁ።