ተጠንቀቁ፦ «እቃውንም እኔ አምጥቼ በጥቅል እጨርሰዋለሁ» ከሚል የቧንቧ ሥራ ውል

የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ይረጥባል፤ ወይም ከታች ያለው ጎረቤት ኮርኒሱ ውሃ እንደሚያንጠባጥብ ይነግራችኋል። ተጠርቶ የመጣው ሠራተኛ ሴራሚኩን በጣቱ ቆርቆር ያደርግና «መስመሩ በሙሉ አልቆለታል፣ ይቀየራል። እቃውን እኔ አመጣለሁ፤ ከነእጅ ዋጋዬ በጥቅል ይህን ያህል ትከፍሉኛላችሁ፤ ግማሹን አሁን ስጡኝ» ይላል። በአዲስ አበባ፣ በተለይ በኮንዶሚኒየም ቤቶች፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ዓይነት ስምምነት ነው። የቧንቧው ውፍረት፣ የመጋጠሚያው ዓይነት፣ የፍተሻው መንገድ ሳይነሳ ሥራው ይጀመራል። ሴራሚክ ከተለጠፈበት በኋላ ደግሞ ውስጡን የሚያየው የለም።

መጀመሪያ «ይቀየራል» የተባለው እውነት መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ለማወቅ ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግም። የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ ዝጉ፤ የሽንት ቤቱን ፍላሽ የሚሞላውን ትንሿን ቫልቭም፣ ወደ ሮቶው የሚገባውንም እንዳትረሱ። ከዚያ የውሃ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ኮከብ ተመልከቱ። ሁሉም ተዘግቶ እሷ ከዞረች ግፊት ያለበት መስመር እያፈሰሰ ነው። በፈረቃ ምክንያት ውሃ በሌለበት ሰዓት ግን ቆጣሪው ምንም አይናገርም። ያኔ ፓምፑን አጥፉ፣ ወደ ሮቶው የሚገባውን ዝጉ፣ በደረቅ እንጨት የውሃውን ከፍታ ለክታችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድገሙት። ከፍታው ከወረደ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቫልቭ ዘግታችሁ እንደገና ለኩ። መውረዱ ካቆመ ችግሩ በሙቅ ውሃው በኩል ነው፤ ቀዝቃዛውን መስመር የሚነካበት ምክንያት የለም።

ቆጣሪውም ሮቶውም ካልተንቀሳቀሱና ግድግዳው የሚረጥበው ሰው ከታጠበ በኋላ ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፍሳሽ መውረጃው ወይም በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ሙሌት ነው። አንድ ቀን ሁለት ባልዲ ውሃ ግድግዳ ሳይነካ በቀጥታ ወደ መውረጃው አፍስሱ፤ በሌላ ቀን ግድግዳውን ብቻ አርጥቡ። ጎረቤት ቤት የሚወርደው በየትኛው ቀን እንደሆነ ማየት በቂ ነው። ሙሌቱ ብቻ ከሆነ ጥገናው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ ሳይፈተሽ ሙሉ መስመር ያስቀየረ ሰው ገንዘቡ ሄዶ ፍሳሹ እዚያው ይቀራል።

መስመሩ በእርግጥ የሚቀየር ከሆነ ወደ እቃው እንምጣ፤ የሚያጭበረብሩት እዚህ ላይ ነው። ፒፒአር የሚባለው፣ በሙቀት እየተበየደ የሚገጠመው የፕላስቲክ ቧንቧ ከውጭ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል። 20 ሚሊ ሜትር የሚባለው የውጭ ስፋቱ ስለሆነ ስለ ውፍረቱ አይነግራችሁም። ውፍረቱን የምታውቁት ፒኤን በሚባለው የግፊት ደረጃው ነው፦ በ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ላይ የፒኤን 10 የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት 1.9 ሚሊ ሜትር፣ የፒኤን 16 2.8፣ የፒኤን 20 ደግሞ 3.4 ሚሊ ሜትር ነው። በ25 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ፒኤን 20 ወደ 4.2 ይደርሳል። ፒኤን 10 ለቀዝቃዛ ውሃ ነው። በሙቅ መስመር ላይ ሲገባ ፕላስቲኩ እየለሰለሰ ይሄዳል፣ ውሎ አድሮም መጋጠሚያው አጠገብ ይሰነጠቃል። የፒኤን 20 ዋጋ ተቀብሎ ፒኤን 10 የሚቀብር ሠራተኛ በእያንዳንዱ የ4 ሜትር ዘንግ ላይ ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። ቧንቧው ላይ የታተመውን አንብቡ፤ ከዚያም የተቆረጠውን ጫፍ በማስመሪያ ለኩ። 1.9 እና 3.4 በዓይን ይለያሉ።

የብረት ጥርስ ያላቸውን መጋጠሚያዎችም እንዲሁ ፈትሹ። ጥርሱ ናስ መሆን አለበት። ከዚንክ ተሠርቶ ኒኬል የተቀባው ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ግን ቶሎ ይበላል። የማይታይበት ቦታ ላይ በሞረድ ጫር አድርጉት፦ ቢጫ ከወጣ ናስ ነው፣ ግራጫ ነጭ ከወጣ ወደ ሱቁ ይመለስ። እቃውን ራሳችሁ ከሠራተኛው ጋር ሄዳችሁ ግዙ፣ ደረሰኙም በእናንተ እጅ ይሁን። አንዳንድ ሱቅ ደንበኛ ላመጣለት ሠራተኛ ኮሚሽን ስለሚከፍል ዝርዝሩን ይዛችሁ በሌላ ሱቅም ዋጋ ጠይቁ።

ብየዳው ላይ ቁሙ። ለ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ የመበየጃ ማሽኑ 260 ዲግሪ ደርሶ፣ ቧንቧውና መጋጠሚያው 5 ሰከንድ ይግላሉ፤ ለ25 ሚሊ ሜትር 7 ሰከንድ። ወዲያው ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ሳይዞር፤ ከዚያ ቢያንስ 2 ደቂቃ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። ብዙ ካጋለው የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ያጠበዋል። በኋላ «ውሃው ቀጠነብኝ» የሚባለው ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ከሁሉ የከፋው መስመሩ ውሃ እያንጠባጠበ መበየድ ነው። ጠብታው እንፋሎት ሆኖ በቀለጠው ፕላስቲክ ውስጥ በመርፌ ቀዳዳ ያህል መንገድ ያበጃል፤ ይህም ሳምንት ቆይቶ ነው የሚገለጠው። ዋናው ቫልቭ ውሃውን ጨርሶ የማይዘጋ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ጥርስ ያለው መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ቃጫ አብዝቶ በኃይል የሚያጠብቅ ሠራተኛ ሴቴውን፣ ማለትም ጥርሱ በውስጥ በኩል ያለውን መጋጠሚያ፣ ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁም ያን ቀን አይታይም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ሠራተኛው ሥራውን ጨርሶ ቧንቧ ከፍቶ ዘግቶ «ይኸው፣ አንዲት ጠብታ የለችም» ሲል አትመኑት። ከመታጠቢያው ቧንቧ 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ሲሆን 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህላል። በዚያ ግፊት ደካማ ብየዳም ይይዛል። ፓምፑ ሲነሳ ወይም ሌሊት የመንግሥት ውሃ በኃይል ሲመጣ ግን ግፊቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ያኔ ግድግዳው ተዘግቷል፣ ሠራተኛውም ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ ግድግዳው ክፍት እያለ በእጅ መፈተሻ ፓምፕ ይፈተን። ቦይለሩና የፍላሹ ቱቦ ከመስመሩ ይነቀላሉ፣ አፎቹ በታፖ (በመድፈኛ) ይዘጋሉ፣ አየሩ ይወጣል፣ ግፊቱም 10 ባር ይደርሳል። ፒፒአር በመጀመሪያ ጥቂት ስለሚለጠጥ የግፊት መለኪያው መርፌ ትንሽ ይወርዳል፤ ይህ አያስደንግጣችሁ። እንደገና ወደ 10 ይሞላና አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ከዚህ በኋላ መርፌው መውረዱን ከቀጠለ አንዱ መጋጠሚያ ያፈስሳል፤ እያንዳንዱን በደረቅ ሶፍት ዳብሱ። «መፈተሻ ፓምፕ የለኝም» የሚል ሠራተኛ ተከራይቶ ያምጣ፤ የኪራዩ ሂሳብ ከሴራሚክ ማፍረስ ጋር አይወዳደርም። ፈተናው ካለፈ በኋላ ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ የመስመሩን ፎቶ አንሱ፤ ነገ መደርደሪያ ለመስቀል የሚበሳ ሰው ቧንቧውን እንዳይመታ።

ስለ ቦይለርም አንድ ነገር፣ ምክንያቱም የሕይወት ጉዳይ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይጨምራል፤ 80 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛ እስከ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1.5 ሊትር ያህል ትርፍ ይኖረዋል፣ ያም ትርፍ ግፊትን በሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ በኩል ይንጠባጠባል። በማሞቅ ሰዓት ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ብልሽት የለም። ይህን አይቶ «ቦይለሩ አልቆለታል» ብሎ አዲስ የሚያስገዛ አለ። ከእሱ የባሰው ደግሞ የቫልቩን አፍ በታፖ የሚደፍነው ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ቴርሞስታት አንድ ቀን ካልቆረጠ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ጠብታው ካስቸገራችሁ ቀጭን ቱቦ አድርጋችሁ ወደ መውረጃው ምሩት፣ ጫፉም ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ክፍያውን በተመለከተ፦ የእጅ ዋጋው ከእቃው ተለይቶ ይጻፍ፤ የሚቀየረው መስመር ርዝመት፣ የቧንቧው ፒኤን፣ የ10 ባር ፈተናው፣ ሴራሚኩን ማን እንደሚመልስ ይጠቀስ። እቃውን ከገዛችሁ ቀብድ የሚሰጥበት ምክንያት ይጠፋል። ግማሹን ፈተናው ሲያልፍ፣ ቀሪውን ፓምፑም የመስመር ውሃውም አንድ ሳምንት ከሠሩ በኋላ ስጡ። ጥሩ ሠራተኛ በዚህ አይከፋም፤ ሥራውን ስለሚያምን ይስማማል። የተነቀለው አሮጌ ቧንቧና ቫልቭ ቤታችሁ ይቅር፣ የተሰነጠቀውን ቦታም ያሳያችሁ። ስንጥቅ የሌለው ቧንቧ ተቀይሮ ከሆነ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ታውቃላችሁ።