ጅማ ውስጥ ሳይክል የት ላሠራ ለምትሉ

ከመርካቶ ወደ አዌቱ ድልድይ ስትወርዱ አንድ ሳይክል ቤት አለ። ታፔላ የለውም። ደጃፉ ላይ ያረጁ ጎማዎች ስለተሰቀሉ ግን አታልፉትም። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። ሁለት ልጆች አብረዋቸው ይሠራሉ። እኔ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነው፣ ሳይክሌንም ከዚህ ቤት ሌላ የሚነካት የለም። ጥገና ቤት ለምትፈልጉ ሁሉ ይህን ቤት ከልቤ እመክራለሁ። ምክንያቴ ግን ጥገናው ብቻ አይደለም።

ከጥገናው ልጀምር። ብዙ ቦታ ጎማ ሲተነፍስ ካለመዳሪያውን አውጥተው፣ ማስቲሽ ቀብተው፣ ለጥፈው ይሰጧችኋል። በሳምንቱ እዚያው ቦታ ይተነፍሳል። ጋሼ ካለመዳሪያውን ውሃ ውስጥ ነክረው ቀዳዳውን ካገኙ በኋላ ወደ ጎማው ይመለሳሉ። ውስጡን በጣታቸው ዙሪያውን ይዳብሱታል። እሾኹ ወይም የሽቦው ስባሪ እዚያው ተሰክቶ ቀርቶ እንደሆነ ሳያወጡት አይገጥሙም። ልጆቹንም ያስተማሩት እንደዚያ ነው። አንዴ ትንሹ ልጅ ቸኩሎ ሊገጥም ሲል፣ "የበሳውን ሳታገኝ ምኑን ጠገንከው?" አሉት። ልጁ እንደገና ፈታው።

የጅማን ክረምት የሚያውቅ የሚቀጥለውን ይረዳኛል። እዚህ ዝናብ ቶሎ ይጀምራል፣ ቶሎም አይወጣም። ቀዩ ጭቃ ሰንሰለቱ ውስጥ ይገባል፣ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ጋሼ ክረምት ሊገባ ሲል ደንበኞቻቸውን ሁሉ ይጠራሉ። ብሎን ያጠብቃሉ፣ ግሪስ ይቀባሉ፣ የፍሬን ላስቲክ ያያሉ። የሚቀየር ዕቃ ከሌለ ለዚህ አያስከፍሉም። ፍሬን ከተሠራላችሁ ደግሞ በቀጥታ ወደ ጅሬን እንዳትወጡ ያስጠነቅቃሉ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ሲወጡት ይከብዳል፣ ሲወርዱት ግን ፍሬን ያልተማመነ ሰው የሚሞክረው አይደለም። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሞክሩ፣ ቀጥሎ ትንሽ ቁልቁለት፣ ከዚያ ጅሬን። ትእዛዛቸው ይኸው ነው።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ሴት በሳይክል ስታልፍ ዞሮ የሚያይ ዛሬም አይጠፋም። እዚህ ቤት ግን "ሳይክሉ የማነው?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። ጋሼ ኮርቻውን በቁመቴ ልክ ዝቅ አደረጉ። ቀሚስ እንዳይነክስ ሰንሰለቱን የሚሸፍን ቆርቆሮ ቆርጠው ሠሩልኝ። ግድግዳቸው ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው የጽጋቡ ግርማይ ፎቶ አለ። አጠገቡ በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ በጎዳና ውድድር 24ኛ የወጡት ገረመው ደንቦባ አሉ። ከጎናቸው የእየሩ ገብሩ ፎቶ ቢጨመር ደስ ይለኛል። በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በስደተኞች ቡድን ማልያ የተወዳደረች የትግራይ ልጅ ናት። ፎቶውን አሳትሜ እንደማመጣ ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። "አምጪው ልጄ፣ ቦታ አለ" ብለውኛል።

አሁን ወደ አረንጓዴዋ ሳይክል ልምጣ።

ሳይክላችሁን ለጥገና ስታስቀምጡ ሥራ ወይም ትምህርት ቤት መሄጃ ካጣችሁ፣ ጋሼ ግድግዳውን ተደግፋ ወደቆመችው አረንጓዴ ሳይክል ይጠቁማሉ። ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ኪራይ የላትም። መታወቂያም አያስይዙም። ያላት ደንብ አንድ ነው፤ ሳይጨልም መመለስ አለባት።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። የሳይክሏ ባለቤት ዳቦ አመላላሽ ነበር። ሌሊት ተነስቶ እስከ ረፋድ ድረስ ለሱቆች ያዳርሳል፣ ማታም ለእራት የሚሆነውን ደግሞ ይዞራል። ከኋላው ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ያስር ነበር። ፈገግታው ከሩቅ ይታወቃል። መንገድ ላይ ጎማው ተንፍሶ የቆመ ሰው ካየ፣ ዳቦው ቢዘገይም ይወርድና ፓምፑን ያወጣል። ለእኔም አድርጎልኛል። ቤተሰቡ እንዲጠቀስ ስላልፈለገ ስሙን አልጽፍም። ጅማ ያላችሁ ሳይክለኞች ግን ታውቁታላችሁ።

በክረምት፣ አመሻሽ ላይ፣ በአጋሮ መንገድ የጭነት መኪና ከኋላ ገጨው። ዝናብ ነበር። መብራት አልነበረውም። ሳይክሉ ጀርባ ላይ ያለውን ትንሿን አንጸባራቂ ደግሞ ሳጥኑ ሸፍኗት ነበር። ሹፌሩ አልሸሸም፣ አንስቶ ሆስፒታል አደረሰው። አልተረፈም።

የቀብሩ ዕለት ሳይክል ያለው ሁሉ መጣ። ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ማንም አልነዳም። ወንዶቹ ሳይክላቸውን በእጃቸው እየገፉ ከጀናዛው ኋላ ሄዱ። እኛ ሴቶቹ እናቱ ዘንድ ቀረን። ከቤቱ በራፍ ሆኜ ያ ሁሉ ሳይክል ያለ ጋላቢ ሲያልፍ አይቻለሁ። ዕድሩ ድንኳንና ወንበር አመጣ። ሳይክለኞቹ ዱቄት፣ ስኳርና ቡና አዋጡ፣ የመጣውንም ሁሉ ከጋሼ ቤት እስከ ለቅሶ ቤቱ ያመላለሱት በሳይክል ነው።

ልጁ ጋሼ ደብተር ላይ ዕዳ ነበረበት። ጎማና ሰንሰለት በዱቤ ወስዶ ነበር። ጋሼ ዕዳውን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ገጹን ግን አልቀደዱትም። አሁንም ደብተሩን ሲያገላብጡ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ አላህ ይዘንለት ሳይሉ አያልፉም።

ትንሽ ቆይቶ እናቱ ሳይክሏን አስገፍተው መጡ። መሸጥ አልፈለጉም። ቤት ቆማ ማየትም አልቻሉም። "ሰው ይሂድባት። ሰደቀቱል ጃሪያ ትሁንለት" አሉ። ሰጪው ካለፈም በኋላ ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት ማለታቸው ነው። ጋሼ የኋላ ቸርኬዋን ቀየሩ፣ መሪዋን አቀኑ፣ ፍሬኗን አደሱ። ቀለሟን አልነኩም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሳይክል ሁሉ ከኋላው ቀይ፣ ከፊቱ ነጭ አንጸባራቂ ፕላስተር ሳይለጠፍበት አይወጣም። በነፃ ነው። ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ ሳጥኑ ላይም ይለጠፋል፤ እንዲያውም መጀመሪያ የሚለጠፈው ሳጥኑ ላይ ነው። ለፕላስተሩ መግዣ በሩ አጠገብ ጣሳ ተቀምጧል። ደንበኛ ዝርዝሩን እዚያ ይጥላል። ማታ ከአጋሮ በኩል በመኪና ስትገቡ ከፊታችሁ ቀይ ነገር ብልጭ ሲል፣ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ቤት የወጣ ነው። ሹፌር ወንድሜ ራሱ ነው ይህን የነገረኝ። ፕላስተሩን ከሩቅ ስለሚያይ ቀድሞ ፍጥነት ይቀንሳል።

በሌላው ዓለም ሳይክለኞች ሙታናቸውን እንዴት እንደሚያስቡ ማንበብ እወዳለሁ። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ሳይክለኛ የተገጨበት ቦታ ላይ ነጭ የተቀባ ሳይክል ማቆም ተጀመረ። ዛሬ በብዙ አገር ይደረጋል። በዚያው ዓመት ዳላስ ውስጥ በግንቦት አጋማሽ ረቡዕ ምሽት ያለ ንግግር፣ በሰዓት ከ19 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት መንዳት ተጀመረ። እሱም በየዓመቱ ይደረጋል። በባለሙያዎቹ ዘንድ ደግሞ ቤልጂየማዊው ዋውተር ዌይላንት በ2011 የጣሊያን ዙር ላይ ወድቆ ሲሞት፣ ለብሶት የነበረው 108 ቁጥር ከዚያ በኋላ በዚያ ውድድር ለማንም አልተሰጠም። ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የ1995ቱ ነው። ጣሊያናዊው ፋቢዮ ካዛርቴሊ በቱር ደ ፍራንስ የፒሬኔ ተራራ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ሞተ። በማግሥቱ ማንም አልተወዳደረም። ቀኑን ሙሉ ቀስ ብለው አብረው ነዱ። መጨረሻው ላይ የቡድን ጓደኞቹን አስቀድመው መስመሩን አሻገሯቸው። የዕለቱን ሽልማት ገንዘብ ለቤተሰቡ ሰጡ። ይህን ሳነብ የእኛ ዕድር ነው የታየኝ።

ነጩ ሳይክል አጋሮ መንገድ ላይ ቢቆም ምን ይመስል ነበር ብዬ ከጋሼ ጋር ተነጋግረናል። ሹፌር ያስጠነቅቃል፣ እሱ እውነት ነው። ለዚያ ብቻ እንኳ ቢደረግ አልቃወምም። ግን ሳይክል ብርቅ በሆነበት ከተማ፣ የሚሄድበት የጠፋበት ተማሪ እያለ፣ ሳይክል በሰንሰለት አስሮ ማቆም ለእኛ አይሆንም። እናቱ ያደረጉት ይበልጣል ባይ ነኝ። አረንጓዴዋ በሳምንት ውስጥ ስንት ሰው እጅ ታልፋለች! የተዋሳት ሁሉ የማን እንደነበረች ይጠይቃል። ይነገረዋል።

ይህ ቤት ሌላም ነገር ለምዷል። ሳይክለኛ ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር ጣሳው ይዞራል። አናጺው ደንበኛችን እጁን ተሰብሮ በተኛ ጊዜ ሁለት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያመላለሷቸው ተራ ገብተው እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እኔ የያዝኩት የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ነው። ፋሻ፣ ጎዝ፣ ጓንትና ፕላስተር ሲያልቅ እሞላለሁ። ልጆቹንም አስተምሬያቸዋለሁ። ቁስል ላይ ቡና አይነሰነስም። የቡና አገር ስለሆንን ይህ ልማድ በቀላሉ አይለቅም። ቁስሉ በብዙ ንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ በጎዝ ይሸፈናል። ደም ካላቆመ ተጭኖ መያዝ ነው። ጥልቅ ከሆነ ወይም አፈር ከገባበት ለመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ራሱን የተመታ ሰው ካስታወከ፣ ከተደናገረ ወይም እንቅልፍ ከተጫጫነው ደግሞ ደህና ነኝ ቢልም ወዲያው ሆስፒታል።

ጉድለቱን ካልተናገርኩ ጽሑፌ ምክር አይሆንም። የመጀመሪያው ቀጠሮ ነው። "ነገ ነይ" ከተባለ ከነገ ወዲያ ማለት ነው። ጋሼ እንቢ ማለት ስለማይችሉ ከአቅማቸው በላይ ይቀበላሉ። ሁለተኛው፣ ብዙ ማርሽ ያላቸውን የውጪ ሳይክሎች ካምቢዮ ማስተካከል ላይ እንደ ተራው ሳይክል አይካኑም፤ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ደግሞ ጭራሽ አይነኩም፣ እሱንም ፊት ለፊት ይነግሯችኋል። ሦስተኛው፣ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ይቆያል። የ350 ኪሎ ሜትር መንገድ ስለሆነ አንዳንዴ ሳምንት ያልፋል። የዋጋ ዝርዝር ግድግዳው ላይ ቢለጠፍም ጥሩ ነበር። ዋጋቸው ከሌላው አይወደድም፣ ግን አዲስ ሰው ሲመጣ ለመጠየቅ ያፍራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የራስ ቁር ነው። ለውሰት የሚሆኑ ጥቂት ቁሮች አሉ። አቧራ ለብሰው ተሰቅለዋል። ወጣቶቹ ይሞቃል ይላሉ። ፕላስተሩን ያስለመዱት ጋሼ ይህንንም ማስለመድ ይችላሉ። አረንጓዴዋን ያለ ቁር አላበድርም ቢሉ አንድ ሰው እንቢ አይላቸውም። ነግሬያቸዋለሁ፣ ደጋግሜም እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ስሄድ አንደኛውን ቁር አጥበው መሪዋ ላይ አንጠልጥለውት አገኘሁ። ጥሩ ጅምር ነው። ደንብ እስኪሆን ግን አልተውም።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ይጨናነቃል። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋል። ካለመዳሪያ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁሉም መጠን አይገኝም። ጣሳው በሩ በስተቀኝ ነው። አንጸባራቂው ፕላስተር ሊያልቅ ነው ብለውኛል።