«ምክንያትህን በአማርኛ ጻፍ» ላሉት መምህራችን ምስጋና፣ ለባዮሎጂ መምህራን ደግሞ ጥቆማ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን! ዕድሜና ጤና ይስጥዎት!

ስማቸውን በአደባባይ እንዳንጽፍ ስለለመኑን ሁላችንም በምንጠራቸው «ጋሼ» እንቀጥላለን። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። አሁን የሚሠሩት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉና ለፍሬሽማን ተማሪዎች የመሠረታዊ ባዮሎጂ መመዘኛ ማዘጋጀትና ውጤቱን ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ መፈተሽ ነው። ይህን ጽሑፍ በጋራ የጻፍነው የአንድ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክፍል መምህራን ነን። የምንጽፈውም ለምስጋና ብቻ አይደለም። እናንተም እንድትፈልጓቸው ነው።

እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ትምህርት ቤቱ ጥያቄ የሚገዛው ከሌላ ቦታ ነበር። የቦታውን ስም አንጠቅስም፤ የሰጡንን ግን እንናገራለን። መቶ መቶ ጥያቄ የታጨቀበት ጥራዝ ነው። ግማሹ «የሕዋስ የኃይል ማመንጫ ማን ይባላል?» የሚል ዓይነት ሽምደዳ ነው። ትክክለኛው መልስ ከሌሎቹ ምርጫዎች ሁለት እጥፍ ይረዝማል፤ ያላጠና ልጅ በዓይኑ ለክቶ ያገኘዋል። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል ምርጫ ካለ መልሱ ሁልጊዜ እሱ ነው። ይህን እንኳ እንለፈው፤ የመልስ ቁልፉ ራሱ ስህተት ነበረው። «ዕፅዋት ቀን ፎቶሲንተሲስ፣ ሌሊት ሬስፒሬሽን ያካሂዳሉ» የሚለው ትክክል ተብሎ ታርሟል። ዕፅዋት ሬስፒሬሽንን፣ ማለትም ከምግብ ኃይል ማውጣትን፣ ቀንም ሌሊትም ያካሂዳሉ፤ በብርሃን ጊዜ የማይታየው ፎቶሲንተሲሱ ስለሚበልጠው ነው። ትክክሉን የጻፈ ልጅ በዚያ ቁልፍ ነጥብ አጣ። ቅሬታ ስናቀርብ የተሰጠን መልስ «ሌሎች ትምህርት ቤቶች ምንም አላሉም» የሚል ነበር። ሌላኛው ቦታ ደግሞ ፈተናውን በኮምፒውተር ሰጥቶ «68 ከ100» የሚል ወረቀት ብቻ ላከ። ሠላሳ ሁለቱ የት እንደጠፋ፣ ልጁ የትኛው ሐሳብ ላይ እንደተሰናከለ የሚነግር አንዲት መስመር የለም። ለዚህ ነው ገንዘብ የወጣው።

ጋሼ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቁት ቢጋሩን፣ ማለትም የመመዘኛውን ንድፍ፣ ነው። ቢጋር ብለን ያቀረብንላቸውን የምዕራፎች ዝርዝር መልሰው ሰጡን። «ይህ ማውጫ ነው» አሉ። የእሳቸው ቢጋር አግድሙ የማስታወስ፣ የመረዳትና የመተግበር ጥያቄ ይላል፤ ቁልቁሉ ደግሞ ምዕራፍ ሳይሆን ሐሳብ ነው፦ ቁስ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል፣ ውሃ በሽፋን ውስጥ እንዴት ያልፋል፣ መረጃ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት ይተላለፋል፣ ሕዝብ በትውልድ ውስጥ እንዴት ይለወጣል። ለአንድ ሐሳብ ሦስት ጥያቄ፣ ለአራት ሐሳብ 12 ጥያቄ፣ 25 ደቂቃ። ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ማርክ የለውም» ተብሎ ይጻፋል። ማርክ ከሌለው ልጅ አይኮርጅም፤ ያልገባውንም አይደብቅም።

እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ መልሱን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ምክንያቱን። አራት መልስና አራት ምክንያት ካለ በግምት ሁለቱንም የማግኘት ዕድል ከ16 አንድ ነው፤ በተራ ምርጫ ጥያቄ ግን ከ4 አንድ ነው። አሳሳች ምርጫዎቹን ጋሼ ከራሳቸው አይፈጥሩም። ጥያቄውን ምርጫ ሳያስገቡ ለአንድ ክፍል ይሰጣሉ፣ «ለምን?» ብለው ያጽፋሉ፣ ልጆቹ ራሳቸው የጻፉትን የተሳሳተ ምክንያት ሰብስበው ምርጫ ያደርጉታል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ነገር የመጣው፤ «ምክንያትህን በአማርኛ ጻፍ» አሉ። አፍ መፍቻው ኦሮምኛ የሆነ በኦሮምኛ ጻፈ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይመልሳሉ፤ ሐሳባቸው ከጀርባው ተሸፍኖ ይቀራል። በቋንቋቸው ሲጽፉ ግን ስህተቱ የተቀመጠበት ቃል ራሱ ወጣ።

ለምሳሌ የባሕር ዛፉ ጥያቄ። «ከችግኝነት ተነስቶ ግንድ ያወጣ ባሕር ዛፍ፣ ደርቆ ሲመዘን ክብደቱ በአብዛኛው ከየት የመጣ ነው?» ምርጫዎቹ አፈር፣ ውሃ፣ አየር፣ የፀሐይ ብርሃን ናቸው። ብዙዎቹ አፈርን መረጡ፤ ምክንያቱን ሲጽፉ «ዛፉ ምግቡን ከአፈር ስለሚወስድ» አሉ። ማዳበሪያን የዕፅዋት ምግብ ብለን የምንጠራው እኛው ነን። በባዮሎጂ ግን ምግብ ማለት ኃይል የሚገኝበት ቁስ ነው፤ ሥር የሚመጠው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያ አይደለም። ጋሼ ይህን ለማቅናት ቁጥር ይጠቀማሉ። 180 ግራም ግሉኮስ ውስጥ 72 ግራም ካርቦን፣ 96 ግራም ኦክስጅንና 12 ግራም ሃይድሮጅን አለ። ካርቦኑም ኦክስጅኑም የመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከውሃ የመጣው ሃይድሮጅኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ180ው 168 ግራም የአየር ነው። ከዚያ የቫን ሄልሞንትን ሙከራ ያስከትላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1648 የታተመ ነው። 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ በአምስት ዓመት 169 ፓውንድ ገደማ ስትሆን 200 ፓውንድ ከነበረው ደረቅ አፈር የጎደለው ሁለት አውንስ ያህል ብቻ ነበር። ሰውየው ጭማሪው ሁሉ ከውሃ ነው ብሎ ደመደመ። ልጆቹ የእሱን ስህተት እንዲያርሙ ይጠየቃሉ።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «መላመድ» ነው። «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላመደ» የማይል ሰው የለም። ቃሉን የሰማ ልጅ አንዲት ባክቴሪያ ከመድኃኒቱ ጋር እየዋለች እያደረች የለመደችው ይመስለዋል። የሆነው ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ሳይመጣ በሚውቴሽን (በዘር መረጃ ላይ በሚደርስ ድንገተኛ ለውጥ) የተለዩ ጥቂቶች ነበሩ፣ መድኃኒቱ ሌሎቹን ገደለ፣ የቀሩት ተባዙ። ከባክቴሪያዎቹ አንዷም አልለመደችም፤ የተለወጠው የሕዝቡ ስብጥር ነው። ምክንያቱ በእንግሊዝኛ በተጻፈባቸው የቆዩ ወረቀቶች ላይ ይህ ስህተት ፈጽሞ አይታይም ነበር። «መተንፈስ»ም እንዲሁ ነው። ደረት ከፍ ዝቅ ማለቱንም ሕዋስ ከግሉኮስ ኃይል ማውጣቱንም በአንድ ቃል ስለምንጠራው ልጁ ሬስፒሬሽን ሳንባ ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ ሳንባ የሌለው ተክል ታዲያ ምኑን ይተነፍሳል?

የክሮሞሶሙን ጥያቄ በሰው አይጠይቁም፤ 46 እና 23 ተሸምድዷል። በቡናችን ይጠይቃሉ። አረቢካ ቡና በሰውነት ሕዋሱ 44 ክሮሞሶም አለው። ሥሩ ጫፍ ላይ በማይቶሲስ (በሰውነት ሕዋስ ክፍፍል) መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ሕዋስ 44 ክሮሞሶምና 88 ክሮማቲድ ይዟል፤ ክሮማቲድ የተባዛ ክሮሞሶም አንዱ ቅጂ ነው። የሚዮሲስ (የፆታ ሕዋስ የሚገኝበት ክፍፍል) የመጀመሪያው ዙር ሲያበቃ እያንዳንዱ ሕዋስ 22 ክሮሞሶምና 44 ክሮማቲድ አለው። ልጆቹ የሚወድቁት እዚህች 44 ላይ ነው፤ ክሮማቲዱን ክሮሞሶም ብለው ስለሚቆጥሩ «ገና አልተቀነሰም» ይላሉ። መድኃኒቱ ሴንትሮሚር፣ ማለትም ሁለቱ ክሮማቲዶች የሚያያዙበትን ነጥብ፣ መቁጠር ብቻ ነው።

ዘር ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄያቸው ይበቃል። ሁለቱም ወላጆች የደም ዓይነታቸው A ሆኖ የO አሊል (የጂኑ አንድ ዓይነት ቅጂ) ተሸካሚዎች ናቸው፤ አራት ልጅ ወለዱ። «ከአራቱ አንዱ የግድ O ይሆናል» ያለ ልጅ ሦስት ለአንድ የሚለውን የዕድል ምጣኔ እንደ ኮታ ይዞታል። በትክክል አንድ ልጅ ብቻ O የመሆኑ ዕድል 42 በመቶ ገደማ ነው፤ አንድም O ያለመኖሩ ዕድል 32 በመቶ ገደማ ነው።

ለኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃ በሽፋን ውስጥ ለማለፉ፣ የሚሰጡት መመዘኛ በወረቀት ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ድንች ይዛችሁ ኑ ይላሉ። አንድ ድንች ልጡን ልጦ 1 በ1 በ5 ሴንቲ ሜትር አድርጎ መቁረጥ፣ ስድስት ብርጭቆ ከ0 እስከ 1.0 ሞላር በ0.2 ልዩነት በስኳር ውሃ መሙላት፣ ቁራጮቹንም እዚያ ውስጥ መንከር። ለአንድ ሊትር የአንድ ሞላር ብጥብጥ 342 ግራም ስኳር ነው። ብዙ ትምህርት ቤት የሚሳሳተው 342 ግራሙን ሙሉ ሊትር ውሃ ላይ በመጨመር ነው፤ ያኔ መጠኑ ከሊትር ይበልጥና ብጥብጡ ይቀጥናል። ስኳሩ መጀመሪያ በጥቂት ውሃ ይሟሟል፣ ከዚያ እስከ አንድ ሊትሩ መስመር ይሞላል። ድንቹ ከመመዘኑ በፊትም በኋላም በሶፍት ይደረቃል፤ እኩል ካልደረቀ በላዩ የቀረው ጠብታ ውጤቱን ያዛባዋል። የሚነጻጸረው ግራሙ ሳይሆን የመቶኛ ለውጡ ነው፤ 5.0 የነበረው 5.4 ከሆነ ጭማሪው 8 በመቶ ነው። ለውጡ በግራፍ ሲሳል መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ሞላር መካከል ነው። ጋሼ ጥያቄያቸውን እዚያች ነጥብ ላይ ያስቀምጣሉ፦ «እዚህ ጋ ውሃ ይንቀሳቀሳል?» ሙከራውን አሳምሮ የሠራው ልጅ ሳይቀር «ቆሟል» ይላል። አልቆመም፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሆኖ ነው።

አሁን ወደማንረሳው ነገር እንምጣ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ «ሕዋስ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?» ይል ነበር፤ ቁልፉ «ይፈነዳል» ነው። ብዙ ነጥብ አግኝታ የማታውቅ አንዲት ልጅ አንዱንም ሳትመርጥ ከታች «የማን ሕዋስ? የእንስሳ ከሆነ ይፈነዳል፤ የተክል ከሆነ ግድግዳው ይይዘዋል» ብላ ጻፈች። በቁልፉ ተሳስታለች። ጋሼ የ60ውንም ወረቀት አንድ በአንድ ስለሚያነቡ አገኟት። በማግስቱ ክፍል ገብተው፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት፣ «ይቅርታ ልጄ፣ የተሳሳተው ጥያቄዬ ነው፤ አንቺ ልክ ነሽ» አሏት። ወረቀቷ ላይም ጽፈውበት ፈረሙ። ጥያቄውን «ቀይ የደም ሕዋስ» ብለው አስተካክለው ለሁሉም መልሰው ሰጡ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ልምድ፣ ለአንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ! እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንጠቁማችሁ።

መጥፎ ጥያቄ የሚያጠሩበትንም መንገድ አሳይተውናል፤ ካልኩሌተር ብቻ ይበቃዋል። የ60 ተማሪ ክፍል ከሆነ በጠቅላላ ውጤት ከላይ 27 በመቶውን ከታችም 27 በመቶውን ትወስዳላችሁ፣ ማለትም 16 እና 16። ከላይኞቹ 13፣ ከታችኞቹ 5 ከመለሱ ልዩነቱ 8 ነው፤ ለ16 ሲካፈል 0.5 ይመጣል፤ ጥያቄው ጎበዙን ከደካማው በደንብ ይለያል። ከ0.2 በታች ከሆነ ይታረማል። ከዜሮ በታች ከወረደ፣ ማለትም ደካሞቹ ከጎበዞቹ በልጠው ከመለሱ፣ መጀመሪያ ቁልፉን ተጠራጠሩ። ማንም ያልመረጠው አሳሳች ምርጫ ካለ ቦታ ከመያዝ በቀር አይሠራምና ይለወጥ። ያንን የተገዛ ጥራዝ በዚህ ስንፈትሸው ከዜሮ በታች የወረዱት ጥያቄዎች እኛው የተጨቃጨቅንባቸው ሆነው ተገኙ።

ጋሼ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ልብስ ይጠይቃሉ፤ በድንቹ ምትክ ጨው የተነሰነሰበት ሰላጣ፣ በባሕር ዛፉ ምትክ በቆሎ፣ በቡናው ምትክ 40 ክሮሞሶም ያለው ጤፍ። ልጁ መልሱን ሳይሆን ሐሳቡን ይዞ እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ለዚህ ሁሉ ልፋት የተቀበሉን የወረቀትና የማባዣ ወጪ ብቻ ነው።

የባዮሎጂ መምህራን፣ ርእሳነ መምህራን፣ የሪሚዲያልና የፍሬሽማን አስተማሪዎች፣ እባካችሁ እኚህን ሰው አግኟቸው። ለ12ኛ ክፍል ፈተና አንድ ወር ሲቀር ሳይሆን መስከረም ላይ አግኟቸው፤ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ምርመራ የሚያቀናው ነገር የለውም። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ እሳቸውን አስፈቅደን እንሰጣለን። ስትሄዱ ቢያንስ የአንድ ክፍል ሙሉ የመልስ ወረቀት ከነስርዝ ድልዙ ይዛችሁ ሂዱ። ውጤት ብቻ የሰፈረበት ሮስተር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሻይ ጋብዘው ይመልሷችኋል።