«ፊሎሜና»፦ ልጇን ሃምሳ ዓመት በሆዷ ይዛ የኖረች እናት

እ.ኤ.አ. በ2013 ለዕይታ የበቃው «ፊሎሜና» የተሰኘው ፊልም፣ በወጣትነቷ ከእጇ የተወሰደባትን ልጅ ሃምሳ ዓመት ያህል ለማንም ሳትነግር በሆዷ ይዛ ከኖረች በኋላ ፍለጋ የወጣች የአንዲት አየርላንዳዊት እናት እውነተኛ ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ፍሪርስ ሲሆን፣ ስክሪፕቱን ስቲቭ ኩጋንና ጄፍ ፖፕ ጋዜጠኛው ማርቲን ሲክስስሚዝ በ2009 ካሳተመው መጽሐፍ ተነስተው ጽፈውታል። እናቲቱን ጁዲ ዴንች፣ ጋዜጠኛውን ደግሞ ኩጋን ራሱ ይጫወታሉ።

ፊሎሜና ሊ ሳታገባ በማርገዟ ሮስክሬ በምትባል ከተማ ወደሚገኘው የሾን ሮስ ገዳም ትገባለች። በ1952 አንቶኒ የሚባል ወንድ ልጅ ትወልዳለች፤ እንደ ሌሎቹ ወጣት እናቶች ሁሉ እሷም ገዳሙ ላስጠለላት ዕዳ እንዳለባት ተቆጥሮ ያለ ደመወዝ ልብስ ስታጥብ ትውላለች፤ ልጇን የምታየው በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አንቶኒ ሦስት ዓመት ሲሞላው ለአሜሪካውያን ቤተሰብ በጉዲፈቻ ይሰጣል። ልጁን የያዘው መኪና ከግቢው ሲወጣ፣ እናቲቱ ከብረት በሩ ጀርባ ሆና እየጮኸች፣ ሕፃኑ በመኪናው የኋላ መስታወት ወደ ኋላ ይመለከታል። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ቀሪው ፊልም ግን በሙሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው።

ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ መጨረሻው ማየት በከበደ ነበር። ፊሎሜና ያነበበችውን የፍቅር ልቦለድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፍለጋው አብሯት ለሚጓዘው ለተሰላቸው ጋዜጠኛ ስትተርክለትና በአሜሪካ ሆቴል የቁርስ ብዛት እንደ ልጅ ስትደነቅ ተመልካቹ ይስቃል። ጁዲ ዴንች ይህችን ሴት የዋህ እንጂ ሞኝ አላደረገቻትም፤ የምትስቀውም የምታለቅሰውም በዚያው ፊት ነው፣ ትልቅነቷም እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ማይክል ሄስ ተብሎ ማደጉ፣ የሕግ ባለሙያ ሆኖ በአሜሪካ የሪፐብሊካን ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ከፍተኛ ቦታ መድረሱና በ1995 በኤድስ መሞቱ የሚታወቀው ገና በፊልሙ አጋማሽ ነው። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት የፊልሙ ትልቁ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ስለሚጀምር ነው፤ «ልጄ አስታውሶኝ ይሆን?» የሚለው። መልሱ የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው፤ በልጁ ፎቶግራፍ ላይ ኮቱ ላይ ከተሰካች የአየርላንድ በገና ቅርጽ ካላት ጌጥ። ልጃቸው ለቅኔ ትምህርት ወደ ዲማ ወይም ወደ ዋሸራ ሄዶ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየተሻገረ ድምፁ ለዓመታት የጠፋባቸው የጎጃም እናቶች ይህን ጥያቄ ያውቁታል፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ እስክትከለክል ድረስ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ የተወሰዱባቸው ደግሞ ከእነሱ ይበልጥ ያውቁታል። ልጁ የት እንደተቀበረና መነኮሳቱ ከእናቲቱ ምን እንደደበቁ ግን አልናገርም፤ እሱን ራሳችሁ እዩት።

ፊልሙን ደብረ ማርቆስ ቤታችን ውስጥ ከእናቴና ከቡና ጎረቤቶቿ ጋር፣ እያቆምኩ በአማርኛ እየተረጎምኩላቸው አየነው። የብረት በሩ ትዕይንት ላይ ግን መተርጎም አላስፈለገም፤ «አይ የወለደ አንጀት!» ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ክርክሩ የተነሳው መጨረሻ ላይ፣ ፊሎሜና ጥፋቷን ያላመነችውን አሮጊት መነኩሲት ይቅር ስትላት ነው። በእኛ አገር ሽምግልና በዳይ አስቀድሞ ጥፋቱን ያምናል፣ እንደ ጥንቱ ከሆነም ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ፊት ይቆማል፤ ይቅርታው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ጎረቤታችን «ሳትለመን ምን አስቸኮላት? መጀመሪያ ትመን እንጂ!» አሉ። እናቴ «ለራሷ ብላ ነው፤ ቂም ይዛ እንዴት ትቆርባለች?» ብላ መለሰችላቸው።

ፊልሙም በዚህ ክርክር መካከል ቆሟል፤ ጋዜጠኛው የጎረቤታችንን፣ ፊሎሜና የእናቴን ሐሳብ ይዘዋል፣ ዳይሬክተሩም ለማንኛቸውም አይፈርድም። ፊልሙ በሃይማኖት ላይ የተነሳ ነው ብሎ የሚሰጋ ካለም፣ በታሪኩ ውስጥ እምነቷን እስከ መጨረሻ የጠበቀችው ተበዳይዋ ራሷ መሆኗን ልብ ይበል።

ሆኖም ይህንኑ ትዕይንት በሌላ ምክንያት አልወደድኩትም። በፊልሙ የምትወቀሰው መነኩሲት በእውነተኛው ታሪክ ያረፈችው በ1995 ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ፊት ለፊት ግጭት አልተደረገም። ፈጠራ በራሱ ነውር አይደለም፤ ችግሩ የብዙዎች በደል በአንዲት አሮጊት ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። የአየርላንድ መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በጥር 2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በመረመራቸው ያላገቡ እናቶችና ሕፃናት ይጠለሉባቸው በነበሩ 18 ተቋማት ወደ 9,000 የሚጠጉ ሕፃናት መሞታቸውን አረጋግጧል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትርም በፓርላማ ይቅርታ ጠይቀዋል። በደሉ የመንግሥትም፣ የቤተ ክርስቲያንም፣ ሴት ልጁን ከደጁ ያባረረ የእያንዳንዱ ቤተሰብም ነበር። ፊልሙ የመጨረሻውን ወገን በአንድ ሁለት ቃል ብቻ ያልፈዋል፤ ለእኔ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው።

ፊልሙ ወደ 98 ደቂቃ ይፈጃል። የፊሎሜና እንግሊዝኛ በአየርላንድ ቅላጼ የተነገረ ስለሆነ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰውም አንዳንድ ቦታ ያስቸግራል፤ ከእናታችሁ ጋር የምታዩት ከሆነ አስቀድማችሁ ለብቻችሁ አንድ ጊዜ ብታዩት ትርጉሙ ይቀልላችኋል። የልጁ የግል ሕይወትና ሕመሙ በጨዋነት የቀረበ ቢሆንም ለሕፃናት የሚሆን አይደለም። ከ10 8 እሰጠዋለሁ፤ ሰባቱ የጁዲ ዴንች ናቸው።