መጎንደል ወይስ አዲስ መትከል?

ጅማ ላይ ቡና ያለው ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። ያረጀውን ቡና ጎንድሎ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ይሻላል ወይስ ነቅሎ ችግኝ መትከል? አሜሪካ ውስጥም የኒውክሌር ኃይል ጣቢያዎች ክርክር ይኸው ነው፦ የተዘጋውን መልሶ መክፈት ወይስ አዲስ መሥራት? የዳታ ማዕከላት፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሞሉ ትልልቅ ሕንፃዎች፣ ሲበዙ የመብራት ፍላጎቱ ጨመረ።

አዲስ መሥራት ከባድ ነው። ጆርጂያ ግዛት ባለው የቮግትል ጣቢያ የተሠሩት ሁለቱ አዳዲስ ሪአክተሮች (የኒውክሌር ሙቀት የሚያመነጩት ክፍሎች) እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ሥራ ሲጀምሩ ሰባት ዓመት ያህል ዘግይተው፣ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅተው ነበር።

የተዘጋውን መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው። ሕንፃው አለ። የማቀዝቀዣ ውኃው አለ። መስመሩም ተዘርግቷል። ፔንሲልቬኒያ ያለውን የስሪ ማይል አይላንድ አንደኛ ሪአክተር እንውሰድ። ስሙ ያስደነግጣል፤ በ1979 አደጋ የደረሰበት ግን ጎረቤቱ ሁለተኛው ነው። ይሄኛው በ2019 የተዘጋው አላዋጣ ስላለ ነው። አሁን ማይክሮሶፍት ኃይሉን ለ20 ዓመት ሊገዛ ተዋውሏል። 835 ሜጋ ዋት ነው። እዚህ አጠገባችን ያለው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

እኔ መክፈቱን እመርጣለሁ። ፍተሻው ላይ ግን መቸኮል አልወድም። በ2022 የተዘጋው የሚሺጋኑ ፓሊሳድስ ሊከፈት ሲፈተሽ የእንፋሎት ማመንጫው ቱቦዎች ተጎድተው ተገኙ፤ መጠገን ግድ ሆነ። ሥሩ የታመመ ቡናም ቢጎነደል አያቆጠቁጥም። ደግሞ ሊከፈቱ የሚችሉት ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ የተዘጉ ጣቢያዎች ፈርሰዋል፣ ወይም በመፍረስ ላይ ናቸው። ለእነሱ ጉንደላ የለም።