የኤክሴል ተቆልቋይ ዝርዝር፦ ለሚጽፍ ጥብቅ፣ ለሚለጥፍ ልል

በሴል ውስጥ ከተዘጋጁ ምርጫዎች አንዱን የሚያስመርጠው ተቆልቋይ ዝርዝር ያለውን ጥቅም አብጠርጥሮ የሚያውቀው አንድን ሰንጠረዥ ብዙ እጅ ሲሞላው ያየ ሰው ነው። አንዱ «ሥራ ላይ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ስራ ላይ» ይላል፤ ሦስተኛው ከቃሉ መጨረሻ ሳያስተውል ባዶ ቦታ ይጨምራል። ለአንባቢ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለፎርሙላው ግን የተለያዩ በመሆናቸው ቆጠራው ይበታተናል። ሞክሼ ፊደላት ባሉበት ጽሕፈት ይህ መሣሪያ ሆን ተብሎ ለእኛ የተሠራ ይመስላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሴሎቹን መርጦ «ዳታ» ከሚለው ትር «ዳታ ቫሊዴሽን»ን መክፈት፣ «ሊስት»ን መምረጥ፣ ከዚያም በ«ሶርስ» ሳጥን ውስጥ ምርጫዎቹን በኮማ ለይቶ መጻፍ ወይም የተዘረዘሩበትን ዓምድ ማመልከት ይበቃል። እኔ መጀመሪያ በኮማ ፈንታ የአማርኛውን ነጠላ ሰረዝ ተጠቅሜ አምስቱ ምርጫዎች እንደ አንድ ረጅም ቃል ተያይዘው ወጥተውብኛል። በሳጥኑ ውስጥ የሚጻፈው ከ255 ቁምፊ ማለፍ ስለማይችልና ለእያንዳንዱ ለውጥ መስኮቱን እንደገና መክፈት ስለሚያስፈልግ፣ ምርጫዎቹን በሌላ ሺት ላይ በ«ቴብል» መልክ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ከግርጌው አዲስ ቃል ሲጨመር ዝርዝሩም አብሮ ያድጋልና።

ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ነገር ሲጻፍ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ሦስት ዓይነት ነው፤ ጽሑፉን በእርግጥ የሚያግደው ግን «ስቶፕ» ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ተናግረው ያሳልፋሉ።

ትልቁ ጉድለት ያለው ከዚህ ላይ ነው፦ ጥበቃው የሚሠራው በሚተየብ ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው። ከሌላ ሴል ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ ነገር ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይገባል፤ ይባስ ብሎም በሴሉ ላይ የነበረውን ደንብ ራሱን ይደመስሳል። ይዘቱን ብቻ የሚለጥፈው «ፔስት ቫሊዩስ» ደንቡን ያተርፋል፤ የተለጠፈውን ቃል ግን አይመረምርም። በአንድ ጊዜ ስምንት ምርጫ ብቻ መታየቱም ዝርዝሩ ሲረዝም ያሰለቻል፤ እርግጥ በአዲሶቹ የማይክሮሶፍት 365 ስሪቶች የመጀመሪያዎቹን ፊደላት መተየብ ዝርዝሩን ያጠብበዋል።

ጎግል ሺትስ ለየምርጫው ቀለም መስጠቱና ከአንድ በላይ መምረጥን መፍቀዱ ለዓይንም ለሥራም ይመቻል። ለቆጠራና ለሪፖርት ግን አሁንም ኤክሴልን እመርጣለሁ፤ ፋይሉን ከመላኬ በፊት «ሰርክል ኢንቫሊድ ዳታ»ን እጫንና በቀይ የተከበቡትን ሴሎች አንድ በአንድ አርማለሁ፤ ደንቡ የተደመሰሰባቸው ሴሎች ስለማይከበቡም ደንቡን አስቀድሜ በዓምዱ ሁሉ ላይ እንደገና አስቀምጣለሁ።